ክፍያዎ በሂደት ላይ ነው

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እንግዲህ የፈለገው ይምጣ። ባንክ ቤት ሳለሁ ይህን ነገር ለማንም መተንፈስ አልችልም ነበር። ሚስቴ «ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሚጠቁረው?» ስትለኝ «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» እያልኩ ስንት ዘመን ኖርኩ። ጨጓራዬ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ምስኪኑን ጨጓራ ያላጠፋውን ጥፋት ሁሉ ሳላክክበት ኖርኩ፤ ያቺ ሴትዮም አመነችኝና ሻይ በዝንጅብል ስትግተኝ ኖረች።

የማወራችሁ ስለ ቲቸር ነው። ቲቸር ብለን እንጥራት እንጂ ትምህርት ቤት አስተምራ አታውቅም፤ በዋናው መሥሪያ ቤት፣ እኔ የሚያጠራጥሩ ክፍያዎችን በማጣራበት ክፍል፣ ፊት ለፊቴ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራ የባንክ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ በየቅርንጫፉ እየዞሩ ለሠራተኛው ስለ ማዕቀብ ሥልጠና መስጠት ነው። ማዕቀብ ማለት ኃያላኑ መንግሥታት «ከዚህ ሰው ጋር፣ ከዚያ ኩባንያ ጋር፣ በዚያኛው ወደብ ከሚጫን ዕቃ ጋር መገበያየት ክልክል ነው» ብለው የሚዘጉት በር ነው። እኛ ደግሞ ሚጢጢ ባንክ ነን። ደንበኛችን ከውጭ ዕቃ ሲገዛ ክፍያው የሚያልፈው ባሕር ማዶ ባለ አንድ ግዙፍ ባንክ በኩል ነው፤ ያ ባንክ ፊቱን ካዞረብን አለቀልን፣ የስፌት መርፌ እንኳ ከውጭ ማስመጣት አንችልም። ስለዚህ እሱ «ሠራተኞቻችሁን በየዓመቱ አሠልጥኑ» ካለ እኛ «እሺ ጌታዬ» ነን።

እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ተሸካሚዋ ግን ቲቸር ናት። ፕሮጀክተሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በአውቶቡስ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትንከራተት ነው ጉልበቷ ያለቀው። ሠልጣኝ ተብዬዎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲነታረኩ ውለው፣ የባንኩ በር ከተዘጋ በኋላ ነው የሚሰበሰቡላት። አንዱ ጫማውን ከጠረጴዛ ሥር አውልቆ እግሩን ያሻል፣ አንዷ ልጇን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣላት በስልክ ትለምናለች፣ ኋላ የተቀመጡት ዓይናቸውን ገልጠው መተኛትን የተካኑ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ገባችና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «አባቴ፣ ትናንት ግድግዳ ሳሠለጥን አመሸሁ። ግድግዳው ቢያንስ አያዛጋም» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ማሻሸት ጀመረች።

ጥፋቱ የሷ አልነበረም። የሥልጠናው ጽሑፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ለምሳሌ ብለው የላኩላት የመዝናኛ መርከብ ስለሚገዛ አንድ ከበርቴ ነበር። ኧረ በሞቴ! በእኛ ቅርንጫፎች እኮ አዲስ ብስክሌት የገዛ ደንበኛ ሲመጣ ነው ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አስግጎ የሚያየው። ከበርቴው ስለ መርከቡ ሲጨነቅ ሠልጣኙ ስለ ታክሲ ሰልፍ ይጨነቃል። እንዴት ይስማት?

ታዲያ ቲቸር አንድ ዓመት ላይ ከበርቴውን አባረረችና በቦታው የገዛ ወንድሟን አስገባች።

ወንድሟ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። እናት አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም ነበር፤ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የዳራት እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ያ የብረት በር ያለው ወርክሾፑ ሚስቱም ልጁም ነው። ቲቸር እሁድ እሁድ ልጆቿን አስከትላ እሱ ዘንድ ምሳ ትበላለች። ምሳው ከተነሣ በኋላ ልጆቹ ውጭ ሲራወጡ፣ እሷ የሚቀጥለውን ሳምንት ሥልጠና እሱ ላይ ትለማመዳለች። እሱ ሳህን እያጠበ ጆሮውን ይሰጣታል። ለዓመታት እንዲሁ ነው የኖሩት፤ ከአንዳንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይልቅ ያ ፓምፕ ጠጋኝ የማዕቀብ ነገር በደንብ ገብቶት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ትምህርቷ ሦስት ነገር ነው። ቁሙ፣ ጠይቁ፣ ዝም በሉ። የሚያጠራጥር ክፍያ ካያችሁ ቁሙ፣ አታስተላልፉ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፉና ጠይቁ። ለደንበኛው ግን ዝም በሉ፤ «ተጠርጥረሃል» ብሎ ለደንበኛ ሹክ ያለ ሠራተኛ ወንጀል ሠርቷል፣ ይታሰራል። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ጣቷን ታነሣለች። «የታገደ ደንበኛ በድንገት ጉዳዩን ትቶ ሌላ ባንክ ከሄደ፣ መርማሪ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ማን ነገረው? ማን ነገረው ነው የሚለው። ያን ቀን ደንበኛውን የሚያውቅ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት ሁሉ ይለቀማል።»

እንግዲህ ለደንበኛው ምን ይባላል? ከባሕር ማዶ የመጣው ጽሑፍ «በክፍያዎ ላይ ችግር ተገኝቷል» ይበሉ ይላል። ይህን ስታነብለት ወንድሟ እጁ ላይ አረፋ እንዳለ ዞር ብሎ «ችግር ነው የምትሉት? ሰው ልታስደነግጡ ነው እንዴ? ልቡ ስንጥቅ ብሎ እዚያው ቢቀርስ?» አላት። እሺ ምን እንበል ብትለው ትንሽ አሰበና «ክፍያዎ በሂደት ላይ ነው፤ እንደጨረስን እንደውልልዎታለን በሉ። ውሸትም አይደለም፣ ነፍስም አይገድልም» አለ። ጻፈችው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በባንካችን ቅርንጫፍ ሁሉ የሚባለው እሱ ነው።

ምሳሌው ላይ ላስገባህ ወይ ብላም ጠይቃዋለች፤ ሳታስፈቅደው አላደረገችውም። «ወንጀለኛ ካደረግሽኝ አይቀር ቀጠን ያልኩ ወንጀለኛ አድርጊኝ» አላት። እናም በየቅርንጫፉ ትተርከው ጀመር። አንድ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ አለ፤ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ፣ የመነጽሩ ጆሮ ተሰብሮበት በመዳብ ሽቦ ያሰረ። ከውጭ ፓምፕ ያስመጣል። ማን ይጠረጥረዋል? ግን ዕቃው የሚጫነው ከተከለከለው ወደብ ነው! ወደቡን የፈጠረችው እሷ ናት። የቀረው ሁሉ እውነት ነው፤ መነጽሩም ሽቦውም። የተኙት ነቁ፣ ጫማ ያወለቁት አደረጉ፣ ሰዉ «እ? ከዚያስ?» ማለት ጀመረ። እሷም ሞኝ አይደለችም፤ ወንድሟ በሚገለገልበት የገበያው ቅርንጫፍ ስታሠለጥን ብቻ ፓምፕ ጠጋኙን ትተወውና ስለ ጨርቅ ነጋዴ ታወራለች።

ያላሰበችው የሠራተኛ ዝውውርን ነው።

አንድ ሩቅ ቅርንጫፍ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ቲቸር ስለሷ ስትነግረኝ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ሌላው ሲያዛጋ እሷ ከልቧ ታዳምጣለች፣ ጥያቄ ሲባል እጇን ትንሽ አንሥታ «ቲቸር፣ ደንበኛው ቢያለቅስስ?» ብላ ጠየቀች። ቲቸር «ቢያለቅስም ያው ነው፣ ክፍያዎ በሂደት ላይ ነው ትዪዋለሽ» ብላ መለሰችላት። «አንድ ሰው እንኳ ሰማኝ አባቴ፣ አንድ ሰው» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ያቺ ልጅ ከሥልጠናው በኋላ ብዙም ሳትቆይ ወደ ገበያው ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ የውጭ ክፍያ መስኮት ላይ አስቀመጧት።

በዚያው ሰሞን የቲቸር ወንድም ትልቅ ሥራ አግኝቶ ነበር። ኮረብታው ላይ ያለው ሆስፒታል ያረጁ ፓምፖቹን በሙሉ ሊቀይር ፈልጎ ሥራውን ለሱ ሰጠው። ነገሩ ለሱ የሞት ሽረት ነበር። ሰው ፓምፕ ማስጠገን ትቷል፤ ሲበላሽ ርካሹን አዲስ ይገዛል፣ የተበላሸውን ይጥላል። ይህ ሥራ ከቀናው ወርክሾፑ ይቆማል፣ ካልቀናው በሩን ዘግቶ የሰው ቅጥር መሆን ነው፤ በዚያ ዕድሜው! ባሕር ማዶ ያለው ሻጭ ደግሞ «ፓምፖቹን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ገዢ አለኝ» ብሎታል። ሰውየውም ሰነዱን ይዞ፣ ገላውን ታጥቦ፣ መነጽሩን ወልውሎ ወደ ባንካችን መጣ።

መስኮቱ ጋ ማን አለ? ያቺ ልጅ።

ሪፖርቷ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የደንበኛውን ሁኔታ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ጠባዩ ትሑት ነው። መነጽሩን በመዳብ ሽቦ አስሯል። ዕቃው ከተከለከለው ወደብ እንደሚጫን በሥልጠና ላይ ተነግሮናል።» መነጽሩን በሽቦ! ሻዩ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ፊት ለፊቴ ቲቸርን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ የፕሮጀክተሯን መስታወት በመሃረብ ትጠርጋለች። ሻዩን አስቀመጥኩ።

ወረቀቱን አቀበልኳት። አነበበችው። እንደገና አነበበችው። «ወይኔ ወንድምጋሼ» ብቻ ነው ያለችው፣ በሹክሹክታ። ልጅቷን አንድ ቃል ክፉ አልተናገረቻትም። ምን ትበላት? ያስተማረቻትን ነው አንድ ሳታጎድል የሠራችው። ከሠልጣኞቹ ሁሉ አንዷ ብቻ ከልቧ ሰማቻት፣ እሷም ጉድ ሠራቻት።

እኔ በበኩሌ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰነዱን አየሁት፤ ወደቡ ሌላ፣ መርከቡ ንጹሕ፣ ሻጩ የታወቀ። «ይለፍ» ብዬ ፈርሜ ላወጣው ብድግ ስል አለቃችን ብቅ አለ። አለቃችንን ከኋላው «ለጥንቃቄ» ነው የምንለው። ሲያስነጥስም ለጥንቃቄ ሁለቴ የሚያስነጥስ ሰው ነው። «እሱን የፓምፕ ጉዳይ ጠዋት ለጥንቃቄ ለውጪው ባንክ አሳውቄያለሁ፤ መልስ እስኪሰጡ አይነካም» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። ሪፖርቱን እኔ ሳላየው፣ ማንም ሳያጣራ፣ ገና ሲደርሰው በድንጋጤ ባሕር አሻግሮ ልኮታል። አንዴ እነሱ እጅ ከገባ ደግሞ በእኛ ፊርማ አይወጣም።

ቲቸር ከመቀመጫዋ ተነሣች። እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቻት አላውቅም።

«ጌታዬ፣ ያ ሰው ወንድሜ ነው። ወደቡን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ለማስተማሪያ ብዬ። ይህን ጻፉላቸውና እኔን አባሩኝ። አሁኑኑ እፈርምልዎታለሁ» አለችው።

አለቃችን በሩን ዘጋው። «አንቺ ሴትዮ ልትገድይኝ ነው እንዴ? ውጪዎቹ ከእኛ የሚወዱት አንድ ነገር ቢኖር ሥልጠናችንን ነው። ሥልጠናችን ራሱ የሌለ ወደብ ፈጥሮ ንጹሕ ሰው አሳገደ ልበላቸው? በማግሥቱ ነው የሚዘጉን። ከዚያ በኋላ ያንቺ ወንድም ብቻ አይደለም፣ የስንቱ ወንድም ነው ባዶውን የሚቀረው።»

«እሺ እኔስ? ወንድሜን ምን ልበለው?»

«ምን ትይዋለሽ? ራስሽ ያስተማርሽውን ነዋ!» አለ። ወዲያው አጠገቧ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። አንዲት ቃል ብትተነፍሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትታሰሪው፤ ይህን ወረቀት ያየን በሙሉ ነን። እኚህም አዛውንት ጭምር።» እኚህ አዛውንት ማለቱ እኔን ነው። ለጡረታዬ ጥቂት ዓመት ነበር የቀረኝ። ቲቸር ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ። ምን ላድርግ!

ሥቃዩ ይህ ነው፤ ልብ በሉ። ወንድሟ አንዲት ቃል ብቻ ቢሰማ ይድን ነበር። ከገበያው ቅርንጫፋችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሌላ ባንክ አለ፤ ከዚያ ግዙፍ ባንክ ጋር የማይሠራ። «ክፍያውን አንሣና እዚያ ውሰደው» ቢባል በሳምንት ውስጥ ፓምፖቹ መርከብ ላይ ነበሩ። ቃሏ ደግሞ ምላሷ ጫፍ ላይ ናት። በቀን ስንት ጊዜ ስልኳን እንደምታነሣና እንደምታስቀምጥ እኔ ነኝ የማየው።

በዚያው ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ሊጠይቃት ነው፤ እሷም ልትዋሸው ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ዋሽታው የማታውቀውን ሰው። አነሣችው።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» አላት፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ደህና ናቸው።»

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ ወንድምጋሼ።»

«በይ እሺ» ብሎ ዘጋው። ቲቸር ስልኩን እንደያዘች ቀረች። «አልጠየቀኝም። ለምን አልጠየቀኝም?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠፋ። እሁድ ሲደርስ «ሥራ በዝቶብኛል፣ እንዳትለፉ» ብሎ ላከባት። በሚቀጥለው እሁድ እንዲያው ልሞክር ብላ ልጆቿን ይዛ ብትሄድ በሩ ተቆልፏል። ትንሿ ልጅ በቀዳዳ አጮልቃ «እማዬ፣ ጫማው እኮ ውስጥ ነው» ብላት ቅስሟን ሰበረችው። ሰውየው እቤት ውስጥ ተቀምጦ አልከፍትም ብሏል ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ይህን ስትነግረኝ ሲያለቅስ ያደረ ዓይን ነበራት። «ተቀየመኝ አባቴ። እህቴ እዚያው ቁጭ ብላ ጉዳዬን አላስጨርስ አለች ብሎ ነው። እውነቱን ነው እኮ» አለች። እኔም ተቀይሟል ብዬ አመንኩ። ኩሩ ሰው ነው፣ ማን ቢሆን ይቀየማል።

የውጪው ባንክ ደግሞ ጥያቄውን ያዘንበው ጀመር። የመርከቡ ባለቤት ማነው? የባለቤቱ ባለቤትስ? ፓምፑ ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሊውል ይችላል ወይ? እኔም ደሜ ፈልቶ «የሆስፒታል አንሶላ ያጥባል» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አለቃችን ለጥንቃቄ ሰረዘው። አንድ ነገር ግን አስገርሞኛል። ከደንበኛው ወረቀት በፈለግን ቁጥር ገና ሳንጠይቀው ነበር የሚመጣው። የሻጩ ደብዳቤ፣ የመርከቡ መንገድ፣ የሆስፒታሉ ውል፣ ሁሉም በቅደም ተከተል፣ ልክ ቲቸር በምታስተምረው ዓይነት። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ በስልክ «ምን ይላል?» ብላት «ምንም አይልም፣ ወረቀቱን ይሰጠኝና አይዞሽ ብሎኝ ይሄዳል» አለችኝ። አይዞሽ! ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ አልገባኝም።

ወሩ አለቀ። ሻጩ ፓምፖቹን ለሌላው ገዢ ሸጠ። ሆስፒታሉም መጠበቅ አልቻለም፤ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ከዚያ በኋላ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ከባሕር ማዶ መልስ መጣ፤ «ተቃውሞ የለንም» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። አለቃችን «ያው ለጥንቃቄ እንጂ ንጹሕነቱንማ አውቀን ነበር» ሲል እስክርቢቶዬን ወርውሬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሲጋራ ፈለግሁ፤ ሲጋራ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ ነው።

ጥቂት ሰንብቶ ወንድሟ ራሱ ደወለላት። «ወርክሾፑን እየዘጋሁ ነው፤ ነይና ዕቃ አውጪልኝ» አላት። ብቻዋን መሄድ ፈራች። «አባቴ፣ አብረውኝ ይሂዱ፤ ፊቱን ብቻዬን ማየት አልችልም» ብላ ለመነችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያት ሄድኩ።

የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ የመፍቻዎቹ መስቀያ ምስማሮች ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። ሰውየው ቱታውን ለብሶ፣ ያን በሽቦ የታሰረ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አንጠልጥሎ፣ ብረት መቆንጠጫውን፣ ያን ከባድ ሞርሳ፣ ከጠረጴዛው ላይ ይፈታል። ቀና ብሎ አየንና ፈገግ አለ። ሊያኮርፈን ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ስለነበር ፈገግታው ግራ አጋባኝ። ለኔ በርጩማ ሳበልኝ፣ አቧራውን በክንዱ ጠራርጎ «ይቀመጡ» አለኝ።

ቲቸር ግን እበሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ወንድምጋሼ፣ እኔ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ» አላት። ቁጣ የለበትም። «ሦስተኛው እሱ አይደለም እንዴ?»

ቲቸር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

«ልጅቷ አቀርቅራ ክፍያዎ በሂደት ላይ ነው፣ እንደጨረስን እንደውልልዎታለን ስትለኝ፣» አለ ሞርሳውን መፍታቱን ሳያቋርጥ፣ «ያቺን ነገር ማን ነው የፈጠራት? እኔው አይደለሁም? ሳህን እያጠብኩ! እዚያው መስኮቱ ጋ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ቀጥሎ ልጅቷ አሳዘነችኝ።»

«ስለዚህ ያን ቀን ስትደውልልኝ…» አለች ቲቸር።

«ድምፅሽን ልሰማ ነው። ሰማሁት፤ ታውቂያለሽ ማለት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ላግኝሽ? አንቺ ልዋሽ ስትዪ ፊትሽ እንደ ቲማቲም ነው የሚቀላው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ። እሁድ ምሳ ላይ ዓይን ለዓይን ተያይተን ይቻላል? ልጆቹ በሩን ሲደበድቡ አንጀቴን አላወሱት፤ ግን ምን ላድርግ።»

ያን ጊዜ እኔ መታገሥ አቃተኝ። ከበርጩማው ብድግ ብዬ ጮህኩበት፤ በሰው ቤት፣ እንግዳ ሆኜ። «ካወቁ ታዲያ ምን ነካዎት? ለምን ወደ ሌላው ባንክ አልሄዱም? መንገዱን መሻገር እኮ ነው! ወርክሾፕዎን ያድኑ ነበር እኮ!» አልኩት።

መፍቻውን አስቀመጠና ወደኔ ሳይሆን ወደ እህቱ ዞረ።

«እህቴ የት እንደምትሠራ በዚህ ሠፈር የማያውቅ ማን አለ?» አለ። «የተሻገርኩ ዕለት መርማሪ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፤ ጣትሽን እያነሣሽ። እስቲ ለእኚህ ሰው ንገሪያቸው።»

ቲቸር በስንት ትግል «ማን ነገረው» አለች።

«አዎ፤ ማን ነገረው» አለ። «አሁን ይምጡና ይጠይቁ። ማንም አልነገረኝም።»

ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና «በሉ ይህን ሞርሳ ያዙልኝ፣ ገዢው ውጭ ቆሟል» አለን። እኔ በአንድ በኩል ያዝኩ፣ ቲቸር እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ በሌላ በኩል ያዘች፤ ይህ ነው የማይባል ክብደት ነበረው። ተሸክመን አወጣንለት። ቤቴ ስገባ እጄ ላይ የነካኝ ግሪስ አልለቀቀኝም ነበር። ሚስቴ በር ላይ ተቀብላ ፊቴን አየችና «ዛሬም ጨጓራህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።